ቀረርቶውን ስትማሩ ሙሾውንም ጠይቁ

ልጆቼ፣

ከሸዋ ሮቢት ተፈናቅላ ደብረ ብርሃን በሰፈራችን የምትኖር የ11ኛ ክፍል ተማሪ በቅርቡ የታሪክ መጽሐፏን ይዛ ቤቴ መጣች። ምዕራፉን ሳንጀምር «ጋሼ፣ ጦርነትን እኮ አይተነዋል። በ2014 ዓ.ም. የጣርማ በርን ዳገት በሌሊት በእግራችን ወጥተናል። ደግሞ ክፍል ውስጥ ምን ቀርቶብን ነው የምንማረው?» አለችኝ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የሚሆናት መልስ ግን ቶሎ አልመጣልኝም። ይህን የምጽፈው ለእርሷም ለእናንተም ነው።

በጦርነት መሃል ያለ ሰው የሚያየው የሚረግጠውን መንገድና ያዘለውን ልጅ ነው። ነገሩ ከየት ተነስቶ እዚያ ሌሊት እንደደረሰ፣ ማዶ ያለው ወታደር እናት ምን ብላ እንደሸኘችው ለማየት ፋታ የለውም። ያንን ፋታ የሚሰጠው ትምህርት ነው፤ እርሱም በአግባቡ ከተማራችሁት።

በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ቀረርቶና ፉከራ ተምራችኋል። ደስ ይላል፤ እኔም በልጅነቴ ሰርግ ላይ ሽማግሌ ሲፎክር ፀጉሬ ይቆም ነበር። ከዘመቻው በኋላ በዚያው ቤት የወረደውን ሙሾ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼ ከየቤታቸው አንድ ቀረርቶና አንድ ሙሾ ጽፈው እንዲያመጡ አዛቸው ነበር። ቀረርቶው በየዓመቱ ይትረፈረፋል፤ ሙሾው በጣት የሚቆጠር ነው። አንድ የመንዝ ልጅ የአያቱን ሙሾ ቆሞ ሲያነብ መሃል ላይ ድምፁ ተቋረጠ። የሚለቀስለት ሟች ስም የእርሱ የራሱ ስም ነበር። በማን ስም እንደተጠራ ያወቀው ያን ቀን፣ በጓደኞቹ ፊት ነው።

ቁጥርም ስታነቡ ማን እንደቆጠረው ጠይቁ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያን እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በዚያው ዓመት ግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በጅምላ ተረሸኑ። ከገዳሙ የተወሰዱ ዲያቆናትም እዚሁ ደብረ ብርሃን አጠገብ ተገደሉ። ግራዚያኒ ወደ ሮም የላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳት ይላል፤ ስለ ዲያቆናቱ የተላከው ደግሞ 129። ከብዙ ዓመታት በኋላ ቦታው ድረስ ሄደው ሽማግሌዎችን የጠየቁ ተመራማሪዎች የደረሱበት ግምት ግን ከ1,000 በእጅጉ ይበልጣል። ገዳዩ የጻፈው ወረቀት ላይ ተቀምጦ ቆየ፤ የሟቾቹ ወገን የሚያውቀው በአፍ ቀረ። እነዚያ ሽማግሌዎች ሳይጠየቁ አልፈው ቢሆን ኖሮ የምናስተምረው የግራዚያኒን ቁጥር ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ስለ አብዮትና ስለ ለውጥ ስናወራ ደግሞ የታኅሣሥ 1953ን መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ አነሳ ነበር። ሰሌዳው ላይ ሁለት ስም እጽፋለሁ። አንዱ አምስት ዓመት በሸዋ ጫካና ገደል ጣሊያንን የተዋጉት ራስ አበበ አረጋይ ናቸው። ሌላው የወላይታ አስተዳዳሪ ሳሉ መሬት ለሌለው ገበሬ መሬት ለማደል የሞከሩትና መፈንቅለ መንግሥቱን ከመሩት አንዱ የሆኑት ገርማሜ ንዋይ ናቸው። ሙከራው ሲከሽፍ ራስ አበበ ታግተው ከነበሩት ሌሎች ባለሥልጣናት ጋር በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በመፈንቅለ መንግሥቱ መሪዎች እጅ ተገደሉ። ተማሪዎቹን «ከማን ጋር ናችሁ?» ስላቸው ክፍሉ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንድ ዓመት አንዲት ልጅ በመደዳዎቹ መሃል ቆማ ቀረች። «ለምን አትቀመጪም?» ብላት «የሁለቱም ልጅ ብሆን ኖሮ ብዬ እያሰብኩ ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ነገር ትዝ አይለኝም፤ የእርሷ ቃል ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

እኔም መሃል ላይ ቆሜ አውቃለሁ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ተማሪዎችን ወደ ገጠር ባሰማራበት በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ከዘመቱት ወደ 60,000 ከሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን አንዱ ነበርኩ፤ መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ከደስታ ብዛት ያለቀስኩ ልጅ ነኝ። ሦስት ዓመት አልሞላም፣ ቀይ ሽብር መጣ። እናቴ ፊደል አትለይም ነበርና የትኛው መጽሐፍ እንደሚያስገድል ስላላወቀች ሁሉንም ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። የእህቴ የሒሳብ መጽሐፍ ሽፋኑ ቀይ ስለሆነ ብቻ አብሮ ነደደ። በዚያው ሳምንት ቀበሌ ጠርተውኝ የአብሮ አደጌን ፎቶግራፍ አሳዩኝ። «ታውቀዋለህ?» አሉኝ። «አላውቀውም» አልኩ። በአንድ ትሪ በልተን ያደግን ልጆች ነን። እርሱን ለማዳን ነበር እንዳልል፣ ያዳንኩት ራሴን ነው። ከእስር ሲወጣ ስለዚያ ቀን አልጠየቀኝም፤ እኔም አላነሳሁበትም። የታሪክ መምህር የሆንኩት በዚያ የተነሳ ይመስለኛል። አንድን ሰው «ከሃዲ» ወይም «ጀግና» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት በዚያች ሰዓት ምን ያውቅ እንደነበር፣ ምን እንደፈራ ጠይቁ ብዬ ስወተውት የኖርኩት ለዚህ ነው። ጥያቄው ጥፋቱን አያጥብም፤ የእኔንም አላጠበልኝም። ጥያቄውን የማያውቅ ሰው ግን የተሰጠውን ፎቶግራፍ ሁሉ አይቶ እንደታዘዘው ይመልሳል። ዛሬ በየስልካችሁ ስንት ፎቶግራፍ እየመጣ «ከማን ጋር ነህ?» እንደሚላችሁ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

ለዚያች ተማሪ መልስ ስላጣሁ አንድ ደብተር ሰጠኋት። «ስለ ጦርነቱ አትጻፊ፤ ስለዚያ ሌሊት ብቻ ጻፊ» አልኳት። በሳምንቱ አንድ ገጽ ተኩል ጽፋ መጣች። የጻፈችው ስለ አንዲት ጎረቤታቸው ነው። አሮጊቷ ዳገቱ ላይ «ትንሽ ጠብቁኝ» ብለዋቸው ኖሯል፤ አልጠበቋቸውም። ለእናቷ እንኳ አንስታባት አታውቅም።

አንብቤ ስጨርስ ከሸዋ ሮቢት የመጡ ሰዎች የት የት እንደሚኖሩ ጠየቀችኝ። የአሮጊቷን ስም ደብተሩ ጀርባ ላይ ጽፋዋለች። ቅዳሜ ገበያ ወጥተን አብረን ልናጠያይቅ ተቀጣጥረናል።