በቃኝ ሲሉ፦ ስለ እራት ገበታና በጉርምስና ዕድሜ ስላሉ ልጆች ጥያቄና መልስ

በሥነ ምግብ ሙያ ከቤተሰቦች ጋር ስሠራ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሡልኝ የእራት ሰዓት ጭቅጭቅን ነው። እናት "አልበላችም" ትላለች፣ ልጅ "በልቻለሁ" ትላለች፤ ሁለቱም አልዋሹም። ከ12 እስከ 18 ዓመት ስላሉ ልጆች የመጡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። አንዳንዱ ባጭሩ ያልቃል፤ አንዱ ላይ ግን ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ የልጅ ሕይወት ያለበት ነውና።

ጥያቄ (እናት፣ ከአዳማ)፦ ልጄ 15 ዓመቷ ነው። እራት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀመስ አድርጋ "በቃኝ" ብላ ትነሣለች። ብለምናት፣ ብቆጣት፣ በሞቴ ብላት አልሆነም። ይኼ በላ ይባላል?

መልስ፦ እህቴ፣ የአንድ ምሽት ሳህን አይቶ በልታለች አልበላችም ማለት አይቻልም። በዚህ ዕድሜ ሆድ በየቀኑ እኩል አይጠይቅም፤ ዛሬ ቀምሳ የተነሣች ልጅ ነገ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ድስቱን ጠርጋ ልታስቀምጠው ትችላለች። ስለዚህ ሳምንቱን እንጂ ምሽቱን አትቁጠሪ። ደግሞ አብዛኞቹ ሴቶች ልጆች ቁመታቸው ፈጥኖ የሚመዘዘው 11 እና 12 ዓመት አካባቢ ነው። በ15 ዓመቷ ያ ሩጫ በርዷል። ያኔ ትበላው ከነበረው ጋር ካስተያየሽው የአሁኑ ትንሽ ቢመስልሽ አይገርምም።

ኤሊን ሳተር የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ ለወላጆች ያስቀመጠችው የሥራ ክፍፍል አለ፤ እኔም ከሁሉ በላይ የምተማመነው በእሱ ነው። ምን እንደሚቀርብ፣ በስንት ሰዓትና የት እንደሚበላ ወላጅ ይወስናል። ከቀረበው ምን ያህል እንደሚበላ፣ ጭራሽም ይበላ አይበላ እንደሆነ ልጅ ይወስናል። ቤታችን ውስጥ ጠብ የሚነሣው ሁለቱ ሲደበላለቁ ነው፦ እናት በልጇ ሆድ ትገባለች፣ ልጅ በእናቷ ድስት ትገባለች። ልመና የለመደች ልጅ የራሷን ረሃብ ማዳመጥ ትተዋለች፤ ወይ እናቷን ለማስደሰት ትበላለች፣ ወይ እናቷን ለመቃወም ትተዋለች።

ለሁለት ሳምንት ያህል ልመናውን ተዪው። ሌላው ሰው በልቶ እስኪነሣ አብራችሁ እንድትቀመጥ ግን ጠይቂያት፤ ይህን መጠየቅ መብትሽ ነው። በዚህ መሃል ልብሷ ይሰፋታል ወይ? የወር አበባዋ በጊዜው ይመጣል ወይ? ደረጃ ስትወጣ ትደክማለች ወይ? እነዚህ ደህና ከሆኑ የምትበላው ይበቃታል።

እኔን ከብዛቱ በላይ የሚያሳስበኝ ዓይነቱ ነው። የወር አበባ የምታይ ከ14 እስከ 18 ዓመት ያለች ልጅ በቀን 15 ሚሊግራም ያህል ብረት ያስፈልጋታል፤ ለእኩያዋ ወንድ 11 ይበቃዋል። ጤፋችን፣ ምስራችንና ሽሮአችን ብረት አላቸው፤ ነገር ግን ሰውነት ከእህልና ከጥራጥሬ የሚወስደው ከሥጋ ከሚወስደው ያነሰ ነው። ምስሩ አጠገብ ቲማቲምና ቃሪያ በስሎ ሳይሆን ጥሬውን፣ ሎሚ ተጨምቆበት ይቅረብ፤ ብረቱን ሰውነት እንዲቀበለው ያግዛል። ሻይና ቡና በተቃራኒው ያግዱታል፣ ስለዚህ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ይራቁ። ትንሽ የምትበላ ልጅ እያንዳንዱ ጉርሻዋ ቁም ነገር ያለው ይሁንላት።

ጥያቄ (አያት፣ ከደሴ)፦ እኔ ያሳደግኳቸው ሁሉ በእጄ ጎርሰው ነው ያደጉት። አሁን የልጅ ልጄ ሳጎርሰው ፊቱን ያዞራል። እናቱም "ተይው" ትለኛለች። ጉርሻ ነውር ሆነ እንዴ?

መልስ፦ የኔ እናት፣ ነውርስ አልሆነም። ጉርሻዎን አይተዉ። አንድ ጉርሻ ያጣላል እየተባልን ያደግን ሰዎች ሦስቴ ካላጎረስን ዕረፍት እንደማናገኝ አውቃለሁ። ግን 14 እና 15 ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ በሰው ፊት እንደ ሕፃን መታየት ያሳፍረዋል፤ ፊቱን የሚያዞረው ከእርስዎ ሳይሆን ከዚያ ነው። ገበታው ሲጀመር አንዷን፣ የፍቅሯን ያጉርሱት። ከዚያ በኋላ "አፈር ስሆን" ብለው አይማጸኑት። ደግሞ አንድ ቀን እሱ እንዲያጎርስዎ ይጠይቁት፤ ልጆች መቀበል በሚያፍሩበት ዕድሜ መስጠት ደስ ይላቸዋል።

ጥያቄ (አባት፣ ከአዲስ አበባ)፦ የ16 ዓመት ልጄ ሳህኗን ይዛ ክፍሏ ትገባለች። በየቀኑ አብረን እንብላ እላለሁ፤ እሷ "እሑድ አብረን እንበላ የለ፣ አይበቃም?" ትለኛለች። ስንት ቀን ነው የሚበቃው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የተቆረጠ ቁጥር የለም። ከቤተሰባቸው ጋር አዘውትረው የሚበሉ ልጆች አትክልትና ፍራፍሬ የተሻለ እንደሚበሉ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ይሁን እንጂ ያ የገበታው ሥራ ይሁን ወይስ ሰላም ያለበት ቤት አብሮ ለመብላትም የተመቸ ስለሆነ፣ ለይቶ ማውጣት ከባድ ነው። እኔ የማየው ግን አለ፦ ውጤቷ፣ ጥፋቷና አለባበሷ የሚዘረዘርበት ገበታ ሰባት ቀን ቢሆን ልጅቷን ሰባት ቀን ያርቃታል።

ከእሷ ጋር ተነጋገርና በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ላይ ተስማሙ። ቀኖቹን እሷ ትምረጥ። እራት ብቻ መሆንም የለበትም፤ የቅዳሜ ቁርስ ወይም ቡና ሲፈላ ከዳቦው ጋር መቀመጥ ይቆጠራል። በእነዚያ ቀኖች ስልክ ከገበታው ይራቅ፣ ያንተም ጭምር። አንተ ከሥራ ከምሽቱ 3 ሰዓት እየገባህ እሷን ጠብቂ ማለትም አግባብ አይደለም፤ ቀጠሮው ሁለታችሁንም ይሰር።

ጥያቄ (እናት፣ ከባሕር ዳር)፦ ወንዱ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ከጓደኞቹ ጋር እርጥብና ሳምቡሳ በልቶ ይመጣል። እራት ሲቀርብ ጠግቧል። የለፋሁበት ወጥ ያድራል።

መልስ፦ ምሳውን 6 ሰዓት የበላ ልጅ 10 ሰዓት ላይ ይርበዋል፤ ጥፋት አልሠራም። መክሰስ ብትከለክዪው ተደብቆ ይበላል። ይልቅ መክሰሱን ቤት አምጪው፦ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ፣ ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ፣ አቮካዶ። እራቱን ደግሞ ወደ 2 ሰዓት ግፊው። እርጥቡን ጨርሰሽ አትንፈጊው፤ ለእሱ የጓደኝነት ጉዳይ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን የሚሆን ገንዘብ ስጪውና በዚያ ይብቃ።

ጥያቄ (እናት፣ ከአዲስ አበባ)፦ ልጄ 16 ዓመቷ ነው። ዐቢይ ጾምን በደንብ ጾመች፤ መንፈሳዊ ሆነች ብለን ደስ ብሎን ነበር። ፋሲካ ካለፈ በኋላም ግን ሥጋና ወተት አልነካም አለች። ረቡዕና ዓርብ ጭራሽ እህል አትቀምስም። በጣም ከስታለች። "ጾም ነው" ስትለኝ ምን ልመልስላት?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ ለይቼ አየዋለሁ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ብሉ ባለችበት ወቅት ምግብ የምትተው ልጅ፣ የምትሸሸው ምግቡን ራሱን ሊሆን ይችላል። አኖሬክሲያ የሚባለው፣ መወፈርን በመፍራት ምግብን የመሸሽ ሕመም እንዲህ ጨዋ በሆነ ምክንያት ተሸፍኖ ይመጣል። የፈረንጅ በሽታ ነው ብለሽ አትለፊው፤ የእኛንም ልጆች ይይዛል፣ ወንዶችንም ጭምር። የከፋ ሲሆን ይገድላል።

የወር አበባዋ ቀርቶ እንደሆነ፣ ጸጉሯ ይረግፍ እንደሆነ፣ ሰው ሁሉ ሲሞቀው እሷን ይበርዳት እንደሆነ፣ ስትነሣ ያዞራት እንደሆነ፣ ከስታ ሳለ "ወፍሬያለሁ" ትል እንደሆነ፣ ከበላች በኋላ መጸዳጃ ቤት ትቆይ እንደሆነ ተመልከቺ። አንዱም ቢታይ፣ ባይታይም እንዲህ ከከሳች፣ በዚሁ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። ክብደቷ ብቻ ተለክቶ አይብቃ፤ የልብ ምቷ፣ የደም ግፊቷና የደም ምርመራዋ ይታይ። ብትወድቅ ወይም ራሷን ብትስት ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት። ለብዙ ቀናት እጅግ ትንሽ የበላችን ልጅ ደግሞ በአንድ ጊዜ አብልቶ ለማካካስ መሞከር አደገኛ ነው፤ በደም ውስጥ ያሉትን ማዕድናት አዛብቶ ልብን ሊጎዳ ይችላል። እንዴት ቀስ በቀስ እንደሚጨመር ሐኪሙ ይወስን።

ከላይ "ምን ያህል እንደምትበላ ልጅቷ ትወስን" ያልኩት እዚህ አይሠራም። ሕመሙ የረሃብን ድምፅ አፍኖታልና። ለንደን በሚገኘው ሞድስሊ ሆስፒታል የተጀመረውና ዛሬ ለታዳጊዎች በሰፊው የሚሠራበት ሕክምና መጀመሪያ ላይ የአመጋገቡን ኃላፊነት ለወላጅ ይሰጣል፤ ልጅቷ ስታገግም ደረጃ በደረጃ ይመለስላታል። ያለ ቁጣ፣ ያለ ክርክር፣ አጠገቧ ተቀምጦ። ስለ ጾሙ ከእሷ ጋር አትከራከሪ፤ የንስሐ አባቷን አነጋግሪ። ለታመመ ሰው ጾም እንደሚፈታ እሳቸው ቢነግሯት ከማንም በላይ ትሰማለች። ሙስሊም ቤተሰቦችም በረመዳን ተመሳሳይ ነገር ቢገጥማችሁ፣ የታመመ እንዳይጾም ሃይማኖቱ ራሱ ፈቅዷል።

ጥያቄ፦ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ሽሮፕ ከፋርማሲ ልግዛለት?

መልስ፦ ያለ ሐኪም አይሁን። ለዚህ ከሚሸጡት አንዱ የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ እንቅልፍ ያስይዛል፣ ክፍል ውስጥ ያፈዘዋል። መጀመሪያ ፍላጎቱ ለምን እንደጠፋ ይታወቅ፦ የሆድ ትል፣ የደም ማነስ፣ ጨጓራ ወይስ ጭንቀት?

ጥያቄ (እናት፣ ሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ የ14 ዓመት ልጄ እንጀራ አልበላም፣ ፓስታ ስሪልኝ ይላል። ከሥራ ደክሜ ገብቼ ሁለት ድስት መጣድ ሰለቸኝ። ማንነቱንም እየጣለ ይመስለኛል።

መልስ፦ ሁለተኛውን ድስት ከዛሬ ጀምረሽ አውርጂው። አንድ እራት ይሠራ፤ ከጎኑ እሱ የማይጠላው አንድ ነገር፣ ሩዝ ወይም ዳቦ ወይም ሰላጣ፣ ሁልጊዜ ይኑር። ቀይ ወጡን በሩዝ ቢበላ ምን አለበት? በሳምንት አንድ ቀን ምግቡን እሱ ይምረጥ፣ እሱም ያብስል። የ14 ዓመት ልጅ ፓስታ መቀቀል አያቅተውም። ማንነቱን ግን ከእንጀራው ጋር አታያይዢበት። እንጀራን እንቢ ባለ ቁጥር አገሩን የከዳ ያህል ከተነገረው ሁለቱንም ይሸሻል። ሀገር ቤትስ ፓስታና መኮሮኒ የማይበላ ልጅ የት አለ?

ጥያቄ (እናት፣ ከዱባይ)፦ የ13 ዓመት ልጄ እናቴ ጋር ናት። ደውዬ "በላሽ?" ስላት "አዎ" ትላለች። እናቴ "አልበላችም" ትለኛለች።

መልስ፦ እህቴ፣ ከሩቅ ሆኖ ሳህን መቁጠር አይቻልም፤ ልብሽን ነው የሚያደርቀው። ስትደውዪ የመጀመሪያው ጥያቄሽ ምግብ አይሁን፣ ውሎዋን ጠይቂያት። የገበታውን ነገር ለእናትሽ ተዪ። ከምትልኪው ገንዘብ ለእንቁላልና ለወተት የሚሆነውን ለይተሽ ንገሪያቸው። በየሦስት ወሩ ጤና ጣቢያ ወስደው ክብደትና ቁመቷን ያስለኩልሽ። እሱን ማመን ትችያለሽ።

ጥያቄ (እናት፣ ከጎንደር)፦ የኔ ደግሞ ተቃራኒው ነው። 15 ዓመቱ ነው፤ ሦስት እንጀራ በልቶ "ሌላ አለ?" ይላል። አባቱ ሳይመጣ ወጡ ያልቃል። በዚህ ኑሮ ከየት እናምጣ? "አይበቃህም ወይ?" ስለው አኩርፎ ይተኛል።

መልስ፦ ወንዶች ልጆች ቁመታቸው ፈጥኖ የሚጨምረው 13 እና 14 ዓመት አካባቢ ነው፤ አንዳንዱ ዘግየት ይላል። በዚያ ጊዜ በአንድ ዓመት 9 ሳንቲሜትር ያህል ሊመዘዙ ይችላሉ። ከ14 እስከ 18 ዓመት ያለ ወንድ እንደ እንቅስቃሴው በቀን ከ2,000 እስከ 3,200 ኪሎ ካሎሪ ይፈልጋል፤ ኳስ የሚጫወት ከሆነ ከአባቱ በላይ ይበላል ማለት ነው። ስግብግብ አይደለም፣ እያደገ ነው። "አይበቃህም ወይ?" የሚለው ቃል ቤቱ ውስጥ የእሱ መብላት ሸክም እንደሆነ ይነግረዋል፤ እንዲህ የተባሉ ልጆች እየራባቸው "በቃኝ" ማለት ይጀምራሉ።

የኑሮ ውድነቱን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ዘዴው ከእራቱ በፊት ነው። ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ የተቀቀለ ድንች፣ ንፍሮ ወይም ቆሎ ይብላ። ሽሮውና ምስሩ ወፈር ይበል፣ እንጀራው ብቻ እንዳያጠግበው። የአባቱ ድርሻ ድስቱ ሳይወርድ በፊት ተለይቶ ይቀመጥ፤ ከዚያ የቀረው የሁሉም ነው፣ ማንም አይቆጣጠረውም። ችግሩንም በግልጽ ንገሪው፤ "በዚህ ወር ዘይቱ ይኼን ያህል ነው" ቢባል ይገባዋል። ሁልጊዜ የሚጠማውና ቶሎ ቶሎ ሽንት የሚመላለስ፣ እየበላም የሚከሳ ከሆነ ግን ያው ዕለት ስኳሩን አስመርምሪው።

ጥያቄ (የ17 ዓመት ወጣት)፦ እናቴ ከታላቅ ወንድሜ ጋር እያነጻጸረች "እሱ በዕድሜህ ይኼን ይበላ ነበር" ትለኛለች። ስበላ ትቆጥራለች። ሰላም አጣሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገበታው ላይ አትመልስላት። ሌላ ሰዓት፣ ሥራ እያገዝካት፣ "እማዬ፣ ስትቆጥሪብኝ የበላሁት አይወርድልኝም" በላት። ቀጥለህ ምን እንደሚያስደስትህ ንገራት፣ እሱን እንድትሠራው። ቁርስ ሳትበላ የምትወጣ ከሆነ ግን እሷም ምክንያት አላት፤ በዚህ ዕድሜ እንቅልፍ ስለሚዘገይ ጠዋት ምግብ አያሰኝም። ዳቦና እንቁላል ይዘህ ውጣና ዕረፍት ላይ ብላው። እንደምትበላው ካወቀች ማታ ትተውሃለች።

ጥያቄ (እናት፣ ከሐዋሳ)፦ ዘመድ በመጣ ቁጥር ልጄን "ወፈርሽ" ወይም "ከሳሽ" ሳይላት አይቀመጥም። ከዚያ ማታ አትበላም።

መልስ፦ በክፋት አይሉትም፤ ሰላምታቸው ነው። ልጅቷ ላይ ግን ይቀራል። ከመምጣታቸው በፊት ደውዪላቸውና በትሕትና፣ "ስለ ሰውነቷ አትንገሯት፣ ስለ ትምህርቷ ጠይቁልኝ" በያቸው። ረስተው ቢያነሡትም እሷ ፊት "ደህና ናት፣ ጤነኛ ናት" ብለሽ ወሬውን አዙሪው።