ጂኑ ከታወቀ ሜታቦላይት መለካት ለምን?

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። አማካሪዬ የኩላሊት ካንሰር ሴሎችን በሜታቦሎሚክስ (ሴል ውስጥ ያሉ ትናንሽ ኬሚካሎችን፣ ማለትም ሜታቦላይቶችን፣ በመለካት) እንዳጠና ርዕስ ሰጥቶኛል። ግን በዚህ ካንሰር ቪኤችኤል የሚባለው ጂን መበላሸቱ ከታወቀ ቆይቷል። ታዲያ ስኳርና አሲድ እየለኩ መድከም ምን ይጨምራል? ደግሞስ ላክቴት ከፍ ብሎ ባገኝ፣ «ሴሉ ስኳር በብዛት ያቃጥላል» ብዬ መጻፍ እችላለሁ? (ግራ የገባት ተማሪ)

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና። አትችዪም። ላክቴት እኮ እስከ መጨረሻው ያልተቃጠለ ስኳር ነው። በዚያ ላይ ማስ ስፔክትሮሜትሩ (ሞለኪውሎችን በክብደታቸው የሚለየው መሣሪያ) የሚነግርሽ ሴሉን ባስቆምሽበት ቅጽበት ውስጡ የነበረውን ክምችት ነው እንጂ በየት በኩል ምን ያህል እንዳለፈ አይደለም። ክምችት ደግሞ ያታልላል። ፉማሬት ሃይድራቴዝ የሚባለው ኢንዛይም በሚውቴሽን የሚጠፋበት አንድ የኩላሊት ካንሰር ዓይነት አለ። እነዚያን ሴሎች ብትለኪ ፉማሬት የሚባለው ሜታቦላይት ተቆልሎ ታገኚያለሽ። ብዙ ስለተመረተ ነው? አይደለም። ማሌት ወደሚባለው ቀጣይ ሜታቦላይት የሚቀይረው ስለጠፋ ነው።

ፍሰቱን ማየት ከፈለግሽ ስድስቱም ካርቦኖቹ ካርቦን-13 (ከተለመደው ከበድ ያለ የካርቦን ዓይነት) የሆኑ ግሉኮስ ስጪያቸው። ላክቴት ላይ ሦስት ከባድ ካርቦን ካየሽ ከዚያ ግሉኮስ የመጣ ነው። ሲትሬት ላይ ሁለት ካየሽ ደግሞ ፓይሩቬቱ (ግሉኮስ ተሰብሮ የሚገኘው) ስኳር እስከ መጨረሻው የሚቃጠልበት ማይቶኮንድሪያ ገብቶ፣ አሴቲል-ኮኤ ወደሚባል ሞለኪውል ተቀይሯል ማለት ነው። በ2018 የታተመ ጥናት ይህንኑ በሰው ላይ ሞከረው፤ ታማሚዎቹ ቀዶ ጥገና ላይ እያሉ ግሉኮሱ በደም ሥራቸው ተሰጠ፣ እጢው ሲወጣም ተለካ። እጢው አጠገቡ ካለው ጤነኛ ኩላሊት ጋር ሲወዳደር ከግሉኮሱ ለማይቶኮንድሪያው ያደረሰው በጣም ያነሰ ነበር። ይህን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ፤ ሳህን ላይ ያደገ ሴል ሳይሆን ሰው ውስጥ ያለው እጢ ራሱ ነው የተለካው።

ወደ ጂኑ እንምጣ። ቪኤችኤል የተገኘው በ1993 ነው። እሱ ሲበላሽ ሂፍ የሚባለው፣ ሴሉ ኦክስጅን ሲያጥረው የሚሠራ ፕሮቲን የሚያፈርሰው ያጣል፣ ሴሉም ኦክስጅን እያለው የታፈነ ይመስል ስኳር መሳብ ይጀምራል፣ ፓይሩቬት ወደ ማይቶኮንድሪያ የሚገባበትን በር ያጠባል፣ ስብ የሚቃጠልበትንም መንገድ ይዘጋል። ስቡ ታዲያ ይጠራቀማል። በብዛት የሚታየው የኩላሊት ካንሰር ዓይነት በማይክሮስኮፕ ጥርት ብሎ፣ ባዶ መስሎ የሚታየውም ለዚህ ነው፤ ናሙናው ሲዘጋጅ ስቡና ግላይኮጅኑ ታጥቦ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ማወቅ ግን ሴሉ የትኛውን ምግብ ቢያጣ እንደሚሞት አይነግርሽም። ልፋቱ ለዚህ ነው። እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም። ቴላግሌናስታት የሚባለው መድኃኒት ሴሉ ግሉታሚን የሚባለውን አሚኖ አሲድ የሚጠቀምበትን መንገድ ይዘጋል፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ተስፋ ሰጥቶ ነበር፣ በታማሚዎች ላይ ካቦዛንቲኒብ ከሚባል ሌላ የካንሰር መድኃኒት ጋር ተደርቦ ሲሞከር ግን ተጨማሪ ጥቅም አላሳየም። አንዱ መንገድ ሲዘጋበት ካንሰር ሌላ ይፈልጋል።

አሁን ስለ ሥራሽ። ኤቲፒ (ሴሉ ኃይል የሚያገኝበት ሞለኪውል) በሰከንዶች ውስጥ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ሴሎቹን ከሳህኑ በሚያላቅቀው ኢንዛይም በትሪፕሲን አንስተሽ፣ በሴንትሪፊዩጅ አሽከርክረሽ፣ ከዚያ ብትለኪ ያገኘሽው የድንጋጤያቸውን ሜታቦሊዝም ነው። ሚዲያውን (ሴሎቹ የሚያድጉበትን ፈሳሽ) ድፊና እዚያው ሳህኑ ላይ በደንብ የቀዘቀዘ 80 በመቶ ሜታኖል ጨምሪባቸው። ሚዲያውንም አጣሪ፤ ብዙ ላቦራቶሪ የሚጠቀምበት ባለ ከፍተኛ ግሉኮስ ዲኤምኢኤም የሚባለው ሚዲያ 25 ሚሊሞላር ስኳር አለው፣ የጾመ ሰው ደም ግን ወደ 5 ገደማ ነው። በአምስት እጥፍ ስኳር ውስጥ ስላደገ ሴል «ስኳር ይወዳል» ብሎ መጻፍ ይከብዳል።

ለማወዳደሪያ ኤችኬ-2 የሚባሉትን የጤነኛ ኩላሊት ሴሎች ብቻ አትያዢ። እነሱ ከሌላ ሰው የተወሰዱ ሴሎች ናቸው፣ ልዩነቱ ከካንሰሩ ይሁን ከሰውየው አታውቂም። 786-ኦ የሚባሉት የካንሰር ሴሎች የሚሠራ ቪኤችኤል የላቸውም፤ ጂኑ የተመለሰላቸውን እህቶቻቸውን ፈልጊና ጎን ለጎን አሳድጊ። በሁለቱ መካከል የምታዪው ለውጥ ከጂኑ ጋር የተያያዘ ለመሆኑ ያኔ በቂ ማስረጃ ይኖርሻል፣ አማካሪሽም ርዕሱን የሰጠሽ ለዚህ ይመስለኛል።