ቀብዱ ሥራውን እንዳይቀድም

መስከረም ሲጠባ ስለ ቤት እድሳት የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ይበዛሉ። ከደረሱን መካከል አራቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ የብሎኬት ቤት አለኝ። መታጠቢያ ቤቱንና ወጥ ቤቱን አፍርሼ እንደ አዲስ ላሠራ ነው። ሦስት ሰዎች አይተው ዋጋ ሰጡኝ። የአንደኛው ከሌሎቹ በሲሶ ያንሳል፣ ነገር ግን ግማሹን ገንዘብ በቀብድ ካላገኘ አይጀምርም። ጎረቤቴ «እጁ ወርቅ ነው» ብላ ያመጣችልኝ ሰው ስለሆነ እምቢ ማለት ከብዶኛል። (ከኮተቤ)

መልስ፦ የጎረቤትዎን ምስክርነት አይናቁት፣ ግን ያየችው ምን እንደሆነ ይጠይቋት። ቀለም በተቀባ ማግስት የማያምር ቤት የለም። ሰውየው ከሠራው ቢያንስ አንድ ክረምት ያለፈበት ቤት እንዲያሳይዎ ያድርጉ። የቤቱን ባለቤት አስፈቅደው መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ይግቡና ሴራሚኩን በቁልፍ ጫፍ ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉት። በደንብ የተለጠፈው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ከሥሩ ባዶ የሆነው ደግሞ እንደ ቆርቆሮ ያስተጋባል፤ ማጣበቂያው ሙሉ ለሙሉ ሳይቀባ አራት አምስት ቦታ ብቻ ጠብ ተደርጎ የተለጠፈ ነው፣ ውሎ አድሮ ይነሳል። ከዚያ ወጥተው ከሻወሩ ግድግዳ ጀርባ ያለውን ክፍል ይዩ። እዚያ ቀለሙ አብጦ ወይም ተልጦ ከሆነ ውሃ ያሳልፋል ማለት ነው።

ሦስቱ ዋጋዎች የአንድ ዓይነት ሥራ ዋጋ መሆናቸውንም እንጠራጠራለን። «መታጠቢያ ቤት ማደስ» ተብሎ በአንድ መስመር የተጻፈ ዋጋ ምንም አይነግርዎትም። ዝርዝሩን እርስዎ ያዘጋጁና ለሦስቱም አንዱን ወረቀት ይስጡ፦ የድሮውን ሴራሚክ ማንሳትና ፍርስራሹን ከግቢ ማስወጣት፣ የፒፒአር (የፕላስቲክ ውሃ) ቧንቧ በሜትር፣ የውሃ መከላከያ ቅብ ስንት እጅ እንደሚቀባና ግድግዳው ላይ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ልስን በካሬ፣ ሴራሚክ በካሬ። እንዲህ ሲሆን የጎደለው ሲሶ ብዙ ጊዜ የት እንደሄደ ይታያል፤ ወይ ፍርስራሹ አልተቆጠረም፣ ወይ ውሃ መከላከያው ተዘሏል።

ወደ ቀብዱ እንምጣ። ግማሽ አይስጡ። ግማሽ የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው ማለታችን አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ የቀድሞው ሥራ ከስሮበታል፣ የእርስዎ ገንዘብ የዚያኛውን ቤት ሲሚንቶ ይገዛል፣ የእርስዎን ቤት ለመጨረስ ደግሞ የሦስተኛ ሰው ቀብድ ይጠበቃል። ያ ሦስተኛ ሰው ካልመጣ ሠራተኛው ይበተንና ቤትዎ እንደፈረሰ ይቀራል። ስለዚህ ቀብዱ ከ15 በመቶ አይለፍ። ፈረሳው አልቆ ቧንቧውና የኤሌክትሪክ መስመሩ ተዘርግቶ ከተፈተነ በኋላ 30፣ ልስኑና ሴራሚኩ ሲያልቅ 30፣ ዕቃው ተገጥሞ ሲሠራ 15፣ የቀረው 10 በመቶ ግን አንድ ክረምት እስኪያልፍ መያዣ ይሁን። ይህን የሚቀበል ሰው በሥራው የሚተማመን ነው።

«ከተፈተነ በኋላ» ያልነውን ውሉ ውስጥ በግልጽ ያስገቡት። ቧንቧው ከመደፈኑ በፊት በእጅ ፓምፕ ውሃ ተሞልቶ እስከ 10 ባር ግፊት ይጨመቅና አንድ ሰዓት ይቆይ፤ የግፊት መለኪያው (የጌጁ) ቀስት መውረድ የለበትም። ወለሉ ላይ የውሃ መከላከያው ከደረቀ በኋላ የፍሳሽ መውረጃውን ደፍነው፣ በሩ ሥር ትንሽ ግድብ ሠርተው 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ይሙሉበት። ውሃው የቆመበትን ግድግዳው ላይ በእርሳስ ያስምሩና 24 ሰዓት ይጠብቁ። በትነት የሚቀንሰው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ከወረደ ወይም ከጎን ያለው ግድግዳ ከረጠበ ያሳልፋል። ሴራሚክ ለጣፊው «ቀኔ ተቃጠለ» ብሎ ይጎተጉትዎታል። አይፍቀዱለት፣ የቀን አበሉን ከፍለው ቢያሳርፉት ይሻላል። ወለሉ ወደ መውረጃው በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ መሄዱንም በውሃ ልክ ያረጋግጡ።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ምጣዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ16 እስከ 18 አምፔር ይሆናል፣ ያውም ለሰዓታት ሳያቋርጥ። ከሶኬት መስመር ላይ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ከተቀጠለ ሽቦው ይግላል፣ ማገናኛው ይቀልጣል። ለብቻው ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ የምድር ሽቦና የራሱ 25 አምፔር ብሬከር ይኑረው።

ጥያቄ፦ የእጅ ዋጋ ብቻ ብዋዋል ይሻላል ወይስ ከነዕቃው? የማስለስነው ግድግዳ 100 ካሬ ገደማ ነው። (ከአዳማ)

መልስ፦ ቦታው ላይ የሚውል የእርስዎ ሰው ካለ የእጅ ዋጋ ይሻላል። ከሌለ ብክነቱ በእርስዎ ላይ ይወድቃል፤ የእጅ ዋጋ ብቻ የተቀበለ ሰው ሲሚንቶ ቢደፋ የሚጎድልበት ነገር የለም። መጠኑን አስቀድመው ይወቁት። አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ ተቦክቶ በ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ለሚለሰን 100 ካሬ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ከ22 እስከ 24 ከረጢት ይበቃል። 35 ከረጢት አልቆ ሥራው ካልተጠናቀቀ ወይ ግድግዳው ጠማማ ነው፣ ወይ ሲሚንቶው ከግቢ ወጥቷል። አሸዋው በአካፋ ሳይሆን በሳጥን ይለካ።

አሸዋውን መኪናው ሳይራገፍ ይፈትኑት። የሃይላንድ ጠርሙስ እስከ ግማሹ አሸዋ፣ ከላዩ ውሃ ሞልተው በደንብ ይናጡትና ያስቀምጡት። አሸዋው ከታች ይተኛል፣ ደለሉ ከላዩ ይነጠፋል። 10 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ላይ ከ6 ሚሊ ሜትር የበለጠ ደለል ካረፈ አሸዋው ካልታጠበ ለሥራ አይሆንም፤ እንዲህ ያለ አሸዋ ልስኑን ያሰነጥቃል። አንድ ነገር ደግሞ ቀድመው ይነጋገሩ፦ የበርና የመስኮት ክፍት ቦታ ከካሬው ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም? በእጅ ዋጋ ሥራ የክፍያ ቀን ጠብ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሪያድ ነው። የወላጆቼን ቤት ለማሳደስ ገንዘብ እልካለሁ፣ የሚከታተለው ወንድሜ ነው። ገንዘቡ ያልቃል፣ ቤቱ ግን አያልቅም። ወንድሜን መጠርጠር ደግሞ አልፈልግም።

መልስ፦ እህታችን፣ ወንድምዎን ሳይጠረጥሩ ከማይችለው ሸክም ያሳርፉት። ተቋራጩ ያላመጣው፣ ደመወዙም በተቋራጩ በኩል የማያልፍ መሐንዲስ በየምዕራፉ ለአንድ ቀን ይቅጠሩ። ሥራው ምን ያህል እንደደረሰ ለክቶ በጽሑፍ ይስጥ፤ ክፍያው የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ በባንክ ይሁን። ፎቶ ሲላክልዎ ሜትር ተዘርግቶበት ይሁን፣ በተለይ ቧንቧው፣ ሽቦውና ፌሮው ከመሸፈናቸው በፊት። ኮንክሪት የሚሞላ ከሆነ ፌሮ ያስመዝኑ፦ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በ12 ሜትር ርዝመቱ ወደ 10.6 ኪሎ መመዘን አለበት። በጣም ከቀለለ ቀጭን ፌሮ በ12 ስም ተሽጦላችኋል።

ውሉ በጽሑፍ፣ በሁለት ምስክሮች ፊት ይፈረም። የተቋራጩን ንግድ ፈቃድና መታወቂያ ኮፒ ያያይዙ፤ መዘግየት ቢኖር በቀን ከጠቅላላ ዋጋው አንድ ሺህኛ እንዲቀጣ ይጻፍ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለአሠራሩና ለጥንካሬው ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል። የርክክብ ቀን ያለበት ወረቀት ከሌለ ግን አሥሩ ዓመት ከመቼ እንደሚቆጠር ማስረዳት ይከብዳል፤ ወንድምዎ ያንን ወረቀት ሳያስፈርም ቁልፍ እንዳይረከብ።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ በሳሎኑና በወጥ ቤቱ መካከል ያለውን ግድግዳ ማፍረስ እችላለሁ? (ከጀሞ)

መልስ፦ በምሰሶዎች መካከል በብሎኬት የተሞላ ግድግዳ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሸክም አይሸከምም፤ ቢሆንም መሐንዲስ አይቶት፣ ከማኅበሩና ከወረዳው ፈቃድ ከወጣ በኋላ ብቻ ይፍረስ። ምሰሶና ቢም (አግዳሚው ተሸካሚ) ለቧንቧ መተላለፊያ እንኳ አይነካም። ግድግዳው ውስጥ ከላይ የሚወርድ የጋራ የፍሳሽ ቧንቧ ካለ ደግሞ እንዳለ ይተዉት።