ራሙ እኩል፣ ፍጥነቱ እጥፍ፦ ልዩነቱ የት ይታያል?

ውድ ጠያቂ፣ «ሁለቱም ስልኮች 8 ጊጋባይት ራም ካላቸው፣ የአንዱ ኤልፒዲዲአር4ኤክስ፣ የሌላው ኤልፒዲዲአር5ኤክስ መሆኑ ምን ለውጥ አለው?» ላሉት (ሁለቱ የስልክ ራም፣ ማለትም የጊዜያዊ ማስታወሻ፣ የቀድሞና አዲስ ትውልዶች ናቸው)፣ የስልክ መተግበሪያ ስሠራ ካየሁት ተነሥቼ ልመልስ።

8 ጊጋባይት የሚለው ቁጥር ራሙ ምን ያህል መረጃ እንደሚይዝ ሲነግረን፣ ባንድዊድዝ ደግሞ የያዘው መረጃ በአንድ ሰከንድ ምን ያህሉ ወደ ፕሮሰሰሩ እንደሚደርስ ያሳያል። ኤልፒዲዲአር4ኤክስ በአንድ የመረጃ መስመር በሰከንድ እስከ 4,266 ሜጋቢት ያስተላልፋል፤ ኤልፒዲዲአር5ኤክስ ግን በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው መስፈርቱ እስከ 8,533 ይደርሳል። ስልኩ 64 መስመር ካለው፣ ይህ በሰከንድ 34 እና 68 ጊጋባይት ገደማ ማለት ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የታየኝ የቋንቋ ሞዴልን (ለጥያቄ በጽሑፍ የሚመልስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ያለ ኢንተርኔት ስልኩ ላይ ሳሠራ ነው። ሞዴሉ እያንዳንዱን የቃል ቁራጭ በጻፈ ቁጥር ፓራሜትሮቹን (በሥልጠና የተማራቸውን ቁጥሮች) በሙሉ ከራሙ ማንበብ አለበት። 7 ቢሊዮን ፓራሜትር ያለው ሞዴል እያንዳንዱ በ4 ቢት ሲቀመጥ 3.5 ጊጋባይት ያህል ስለሚሆን፣ ፕሮሰሰሩ የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ በፊተኛው ራም በሰከንድ 10 ቁራጭ፣ በኋለኛው 20 አይሞላም፤ በተግባር ደግሞ ከዚህም ያንሳል። እኔ መጀመሪያ ችግሩ የኮዴ መስሎኝ ስሌቱን ለማፋጠን ብዙ ደከምሁ። ተጨማሪ የፕሮሰሰር ኮሮችን (ጎን ለጎን የሚያሰሉ ክፍሎቹን) ባሠራም ፍጥነቱ ንቅንቅ አለማለቱን ሳይ ነው ማነቆው ራሙ መሆኑ የገባኝ፤ የረዳኝም ሞዴሉን ማሳነስ ነበር። ረጅም ጥያቄን የማንበቡ ክፍል ግን ብዙ ቁራጮችን በአንድ ንባብ ስለሚያስተናግድ፣ በአብዛኛው የሚወሰነው በስሌት አቅም ነው።

ከባድ ጨዋታና ከፍተኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ ቀረጻም ከፈጣኑ ራም ይጠቀማሉ፤ ምክንያቱም ግራፊክሱ፣ ካሜራውና ስክሪኑ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚሻሙት ይህንኑ አንድ ራም ነው። መልእክት ለመላክና ድረ ገጽ ለማንበብ ግን ለውጥ አይጠብቁ። አንድ መረጃ ተጠይቆ እስኪመጣ ያለው መዘግየት፣ ባንድዊድዙ እጥፍ ቢሆንም፣ በግማሽ አልቀነሰም፤ መተግበሪያ ቶሎ መከፈቱም ይበልጥ የማከማቻውና የፕሮሰሰሩ ጉዳይ ነው።

ሐሳብዎ እንዲህ ያለ ሞዴል ማሠራት ከሆነ፣ አዲሱን ራም ይምረጡ፤ ነገር ግን 8 ጊጋባይቱን ስልኩ ራሱና ሌሎች መተግበሪያዎችም ስለሚጋሩት፣ 12 ጊጋባይት ያለውን ቢያገኙ ይመረጣል። የእኔ የሙከራ ስልክ ባለ 8 ስለነበር፣ ሞዴሉ በተጫነ ቁጥር ከበስተጀርባ የነበሩት መተግበሪያዎች ይዘጉብኝ ነበር።