በማይቶኮንድሪያ ማን ይቀጥረኛል?

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። የእንቁላል ሴል ማይቶኮንድሪያ (የሴሉ ጉልበት ማመንጫዎች) በእርግዝና ላይ ያለው ሚና ልቤን ወስዶታል። ቤተሰቦቼ ግን «በዚህ ማን ይቀጥርሻል?» ይሉኛል። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ ቤተሰቦችሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። «የማይቶኮንድሪያ ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ አታገኚም። ኢምብሪዮሎጂስት፣ ማለትም እንቁላልና ጽንስን ላብራቶሪ ውስጥ የሚንከባከብ ባለሙያ፣ የሚፈልግ ግን አለ። ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የአይ ቪ ኤፍ (እንቁላልና ዘርን ከሰውነት ውጭ የማገናኘት ሕክምና) ማዕከል አለው፣ የግል ክሊኒኮችም አሉ።

የመረጥሽው ጉዳይ የምር ያጓጓል። አንዲት የበሰለች እንቁላል ከ100,000 በላይ ማይቶኮንድሪያ ትይዛለች። የወንዱ ዘር ይዞት የሚገባው መቶ እንኳ አይሞላም፤ እሱም ወዲያው ይወገዳል። ጽንሱ ብላስቶሲስት (ማህፀን ላይ ለመጣበቅ የተቃረበ የሴሎች ኳስ) እስኪሆን ድረስ፣ ማለትም አምስት ቀን ገደማ፣ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ እምብዛም አይባዛም። ሴሎቹ በተከፈሉ ቁጥር እናትየው የቋጠረችውን ስንቅ ይካፈላሉ። ስንቁ ካነሰ ወይም ከተበላሸ መንገድ ላይ መቅረት አለ። ክሮሞዞሞችን በትክክል ለመለያየትም ጉልበት ይጠይቃል። ዕድሜ ሲገፋ የሚበዛውን የክሮሞዞም ስህተት ብዙ ተመራማሪዎች ከዚሁ ጋር አያይዘው የሚያዩት ለዚህ ነው።

ታዲያ «የእንቁላል ጉልበት እንጨምራለን» የሚል ማስታወቂያ ስታዪ አትቸኩዪ። ኦቫሳይንስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ከሴትየዋ ከራሷ ኦቫሪ (እንቁላል ከሚያመርተው አካል) ማይቶኮንድሪያ ወስዶ እንቁላሏ ውስጥ መጨመርን በገንዘብ ሲያቀርብ ነበር። ስፔን ውስጥ በንጽጽር ሲፈተሽ ጥቅም አልታየበትም። እንግሊዝ በ2015 እ.ኤ.አ. የፈቀደችው የማይቶኮንድሪያ ልገሳ (የሌላ ሴት ጤናማ ማይቶኮንድሪያ መጠቀም) ደግሞ ሌላ ነው፤ በዘር የሚተላለፍ በሽታን ለመከላከል እንጂ ለመካንነት አይደለም። በ2025 እ.ኤ.አ. በዚህ መንገድ የተወለዱ 8 ሕፃናት ይፋ ሆነዋል። ቃለ መጠይቅ ላይ ሁለቱን ካምታታሽ ጉድ ይፈላል።

አሁን ምን ላድርግ ካልሽኝ፣ ቄራ ሂጂ። አልቀለድኩም! የላም እንቁላል በመጠንም በአበሳሰልም ለሰው ይቀርባል። ላሟ ስትታረድ የሚጣለውን ኦቫሪ አስፈቅደሽ፣ ሞቅ ያለ የጨው ውሃ ባለበት ፔርሙስ ይዘሽ ላብራቶሪ ትገቢያለሽ። ከ2 እስከ 8 ሚሊሜትር ከሚሆኑት ፎሊክሎች (እንቁላል የያዙ ትናንሽ የፈሳሽ ከረጢቶች) ውስጥ ፈሳሹን በሲሪንጅ ትስቢያለሽ፤ ከዚያ እንቁላሎቹን በማይክሮስኮፕ ትለቅሚያለሽ። መጀመሪያ ላይ እጅሽ ይንቀጠቀጣል፣ ግማሹም ይጠፋብሻል። ቀጣሪ የሚፈልገው ግን ይህን የለመደ እጅ ነው። ቢሾፍቱ ያሉትን የእንስሳት ሕክምና መምህራን ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ከአሁኑ አናግሪ።

ማስተርሱ በክሊኒካል ኢምብሪዮሎጂ ቢሆን እመርጣለሁ። ዋናው የላብራቶሪ ሰዓት ብዛት ነውና፣ በእጅ ልምምድ የሌለው ፕሮግራም ነጻ ስኮላርሺፕ ቢሰጥሽም አትሂጂ።

አንድ ነገር ለቤተሰቦችሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው። እንቁላልና ዘር ከተገናኙ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መፀነሱ መታየት አለበት። እሁድም ይሁን እንቁጣጣሽ፣ ተረኛዋ አንቺ ከሆንሽ ጠዋት ላብራቶሪ ነሽ።