የዎርድ ቴምፕሌት ወደ ምስል ሲቀየር፦ መጀመሪያ ፒዲኤፍ

ጥያቄ፦ የሰርተፍኬት ቴምፕሌት በዎርድ ሠርቼ ነበር። አሁን በምስል መልክ ላኪልን ተባልኩ። የፋይሉን ስም መጨረሻ ወደ ጄፔግ ብቀይረው አልከፈት አለ። ስክሪንሾት ባነሳው ደበዘዘ። ኢንተርኔት ላይ ባለ መቀየሪያ ስሞክረው ደግሞ አማርኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ስሙን ቢቀይሩትም ፋይሉ ያው ፋይል ነው። መጨረሻው ዶትኤክስ (.dotx) የሚል ቴምፕሌት ውስጡ የታመቀ ዚፕ ነው። ጽሑፉ፣ ስታይሉና ሥዕሉ ለየብቻ ተቀምጠውበታል። እግረ መንገዴን፣ የሚፈልጉት ሎጎውን ብቻ ከሆነ የፋይሉን ኮፒ መጨረሻ ዚፕ ብለው ይፍቱት። ሎጎውን «ሚዲያ» የሚባለው ፎልደር ውስጥ ያገኙታል።

ስክሪንሾቱ የደበዘዘው ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የተሠራበት ነጥብ፣ ስላነሰው ነው። አንድ የኤ4 ገጽ በ96 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 96 ነጥብ) ሲታይ ስፋቱ 794 ፒክስል ገደማ ነው። ለህትመት በሚመከረው 300 ዲፒአይ ግን ያው ገጽ 2480 በ3508 ፒክስል ይሆናል። የጎደለውን በኋላ በመለጠጥ አያመጡትም።

ሳጥኑ ደግሞ የፎንት ጣጣ ነው። መቀየሪያው የሚሠራበት ኮምፒውተር የእኛን ፊደል የያዘ ፎንት ከሌለው ሳጥን ይደረድራል። በሳጥን ፈንታ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከወጣ ግን ጽሑፉ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ባልሆነ የድሮ ፎንት የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም። ለማንኛውም የሰው ስም ያለበትን ሰነድ እንዲህ ያለ ድረ ገጽ ላይ መጫን እኔ አልወድም።

ስለዚህ ቴምፕሌቱ በተሠራበት ኮምፒውተር ላይ መጀመሪያ ፒዲኤፍ ያድርጉት። ፒዲኤፍ ፎንቱን አብሮ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢከፈትም ፊደሉ አይበላሽም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ቴምፕሌቱን ደብል ክሊክ ሲያደርጉ ዎርድ የሚከፍትልዎ አዲስ ኮፒ እንጂ ራሱን ቴምፕሌቱን አይደለም። ዋናውን ለማረም «ፋይል» ገብተው «ኦፕን» በሚለው ይክፈቱት። «ስም እዚህ ይጻፉ» የሚሉት ግራጫ ጽሑፎችም ካልሞሏቸው ምስሉ ላይ እንዳሉ ይወጣሉ። ራሱን የሚቀይር ቀን ካለበት እሱንም በእጅ ይጻፉት፤ አለበለዚያ የሰርተፍኬቱ ቀን የዛሬው ሆኖ ቁጭ ይላል።

ይህን ከጨረሱ «ሴቭ አዝ» ውስጥ ፒዲኤፍን ይምረጡ። ከታች «ስታንዳርድ» የሚለውን ይያዙ፤ «ሚኒመም ሳይዝ» ሎጎውን ሊያደበዝዘው ይችላል። ፒዲኤፉን ጊምፕ በሚባለው የምስል ማረሚያ ፕሮግራም ሲከፍቱት ሪዞሉሽን ይጠይቅዎታል። 300 ብለው ይሙሉና «ኤክስፖርት» አድርገው ፒኤንጂ በሚባለው የምስል ዓይነት ያውጡት። ጊምፕ ነፃ ነው። ገጹ ብዙ ከሆነ እያንዳንዱን ለየብቻ ምስል አድርገው ይክፈቱ። የሊብሬ ኦፊስ «ድሮው» (Draw) የሚባለው ፕሮግራምም ይሠራል፤ እሱ ግን የሚያወጣው የቆሙበትን ገጽ ብቻ ነው።

ጄፔግ ለምን አላልኩም? ፋይሉን ሲያሳንስ በፊደሎቹ ዳር ጉድፍ ያመጣል። እንደ «ጩ» እና «ጯ» ባሉ ጥቃቅን ምልክት በሚለያዩ ፊደሎች ላይ ደግሞ ቶሎ ያስታውቃል። ጄፔግ ካልሆነ አንቀበልም ካሉዎት ጥራቱን 90 እና ከዚያ በላይ ያድርጉት።

በቴሌግራም የሚልኩት ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት። እንደ ፎቶ ከላኩት ቴሌግራም ራሱ ያሳንሰዋል።