ሜድስ ከቴ ኩይቲ ያልወጣው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣ የእህቴ ልጅ እዚህ ሐዋሳ በአንድ ክለብ ተስፋ ቡድን ውስጥ ኳስ ይጫወታል። በቅርቡ ከአዲስ አበባ ጥሪ ስለመጣለት እናቱም እኔም «ያሳደገህን ክለብ ትተህ አትሂድ» እያልን እንመክረዋለን። እኔ በምሳሌነት የማነሳለት ካደገበት ከተማ ሳይለቅ የተጫወተውን የኒውዚላንድ የራግቢ ሰው፣ ኮሊን ሜድስን ነው። ልጁ ግን «ለመሆኑ ደመወዝ ይከፈለው ነበር?» ብሎ ጠየቀኝና መልስ አጣሁለት።
አጎት፣ ከታቦር ክፍለ ከተማ

መልስ፦ አይከፈለውም ነበር፤ የልጁ ጥያቄም ከእናንተ ምክር ይልቅ ወደ ነገሩ ሥር የቀረበ ነው። አሥራ አምስት ተጫዋቾች የሚሰለፉበት የራግቢ ዓይነት ለተጫዋች ደመወዝ መክፈልን እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ድረስ በሕግ ይከለክል ነበር። ሜድስ ከ1957 እስከ 1971 ለብሔራዊ ቡድኑ ለኦል ብላክስ 133 ጊዜ ሲሰለፍ፣ ኑሮውን የሚመራው ቴ ኩይቲ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ አቅራቢያ ከወንድሙ ጋር በሚሠራበት የበግና የከብት እርባታ ነበር። ወንድሙ ስታንሊም ለብሔራዊ ቡድኑ ተጫውቷል። በእርግጥ ሰውየው ጨዋታውን አቅልሎ የያዘ አልነበረም፤ በ1970 በደቡብ አፍሪካ ጉዞ ላይ ክንዱ ተሰብሮ እያለ ጨዋታውን እስከ ፍጻሜው ድረስ ተጫውቷል።

በዚያ ዘመን የኒውዚላንድ መራጮች ተጫዋቾችን የሚመለምሉት በየክፍለ ሀገሩ ከሚደረጉ ውድድሮች ስለነበር፣ በዋይቴቴ ክለብና በኪንግ ካንትሪ ክፍለ ሀገር ቡድን የሚጫወት ገበሬ ለብሔራዊ ቡድን ለመመረጥ ወደ ትልቅ ከተማ መዛወር አያስፈልገውም ነበር። ቢዛወርም ደመወዝ አያገኝም፣ ከብቶቹን ግን ያጣል። ፍቅሩ እውነተኛ ነው፤ ጫማውን ከሰቀለ በኋላም ቀሪ ዕድሜውን ከዚያው ሳይርቅ ኖሮ፣ በ2017 በ81 ዓመቱ ከማረፉ ሁለት ወር በፊት ሐውልቱ በከተማዋ መሃል ቆሞለታል። ሆኖም ያ ፍቅር የእህትዎ ልጅ ዛሬ ከተደቀነበት ምርጫ ጋር ተፈትኖ አያውቅም። የሚገርመው፣ ክፍያው በተፈቀደበት በዚያው በ1995 የኦል ብላክስ የዓለም ዋንጫ ቡድን መሪ ሜድስ ራሱ ነበር።

ስለዚህ ምሳሌውን ያንሱለት፣ ከነከብቶቹ ግን ይሁን። «ከአዲስ አበባ ውጭ ዋንጫ የለም» ቢልዎ፣ ሐዋሳ ከተማ በእኛ አቆጣጠር በ1996 እና በ1999 የፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን እንደነበረ ያስታውሱት። ከዚህ ውጭ ግን እንዲቆይ ወይም እንዲሄድ ከመገፋፋት ይልቅ አብረውት ተቀምጠው የቀረበለትን ውል ቢያነቡ ይሻላል፦ የፊርማው ክፍያ መቼና በምን መልክ እንደሚፈጸም፣ ጉዳት ቢደርስበት የሕክምናው ወጪ የማን እንደሆነ፣ ትምህርቱን የት እንደሚቀጥል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዋናው ቡድን ይሰለፍ ወይስ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይቀመጥ እንደሆነ ይጠይቁለት።